አምስት የመንገድ ጥያቄ፣ ገንዘቡ ለሁለት፦ የወረዳ ምክር ቤት ቅደም ተከተሉን በምን ያውጣ?

የዳር ሰፈር ተመራጭ፦

ሰላም ለቤቱ። አዲስ አበባ ውስጥ ከአያት አልፎ ወደ ምሥራቅ ባለ ወረዳ የምክር ቤት አባል ነኝ። የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ ነባር የገበሬ መንደርና ገና በመሠራት ላይ ያሉ የማኅበር ቤቶች ያሉበት ሰፈር ነው። ባቡሩ አያት ላይ ስለሚያልቅ ከዚያ ወዲህ ያለው ነዋሪ ወይ በታክሲ ነው ወይ በእግሩ።

የመሠረተ ልማት ቋሚ ኮሚቴያችን የመጪውን በጀት ዓመት የመንገድ ጥያቄዎች በቅደም ተከተል አስቀምጦ ወደ ክፍለ ከተማ መላክ አለበት። አምስት ጥያቄ ቀርቦልናል። አንደኛው በብሎኮቹ መሀል የሚነጠፍ 350 ሜትር ጌጠኛ ድንጋይ ነው፤ ስፋቱ 6 ሜትር። ሁለተኛው ከማኅበር ቤቶቹ እስከ ዋናው አስፋልት ያለው 1.2 ኪሎ ሜትር የገረጋንቲ መንገድ ነው፤ በክረምት ታክሲ አይገባበትም። ሦስተኛው ከገበሬው መንደር ወደ ትምህርት ቤት በሚወስደው መንገድ ወንዙ ላይ የሚሠራ የእግረኛ ድልድይ ነው፤ ወንዙ ሲሞላ ልጆቹ 2 ኪሎ ሜትር ተጨማሪ ይዞራሉ። አራተኛው የታክሲና የአውቶቡስ ተርሚናል፣ አምስተኛው የመንገድ መብራት ነው።

ለሁሉም ፊርማ ተሰብስቧል፣ ሁሉም እውነተኛ ጥያቄ ነው። ገንዘቡ ግን ከሁለት አያልፍም። በመጀመሪያ ግምት ገረጋንቲው የድልድዩን አራት እጥፍ ይፈጃል። ምን እንቁጠር? ነጥቡን እንዴት እንስጥ? የሚደበቅ ወጪስ የት የት ነው?

ቆጣሪው፦

ነጥብ ከመስጠታችሁ በፊት አምስቱንም በወንፊት አሳልፏቸው። ወንፊቱ ላይ የቀረ ነጥብ አይሰጠውም፣ ለሚቀጥለው ዓመት ዝግጅቱ ይሠራለታል።

መጀመሪያ፣ መንገዱ የማን ነው? የውስጥ ለውስጥ መንገድ በወረዳና በክፍለ ከተማ አቅም ይሠራል። ዋና መንገድ የአዲስ አበባ ከተማ መንገዶች ባለስልጣን ነው፤ እሱን በወረዳ ዝርዝር ውስጥ መክተት ወረፋ ማባከን ነው፣ በጥያቄ ደብዳቤ ለብቻው ይሂድ። የ1.2 ኪሎ ሜትሩ አንድ ጫፍ የሸገር ከተማን ወሰን የሚነካ ከሆነ ደግሞ የሁለት አስተዳደር ስምምነት ይፈልጋል። ያ ስምምነት በጽሑፍ ሳይኖር በጀት አትያዙለት።

ቀጥሎ በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ መስመሩ አለ ወይ? ካለስ ስፋቱ ስንት ነው? ፕላኑ 15 ሜትር የሚል ከሆነና እናንተ 6 ሜትር ንጣፍ ከፕላኑ ከፍታ ውጭ ካስቀመጣችሁ፣ በኋላ የተነጠፈው ድንጋይ ተነቅሎ እንደገና ይነጠፋል። ከዚያ መስመሩ ጸድቷል ወይ የሚለው ይመጣል። አጥሩን፣ የመብራት ምሰሶውን፣ የውሃ መስመሩን በእግር ሄዳችሁ እየቆጠራችሁ መዝግቡ። ማሳ ወይም አጥር የሚነካ ከሆነ ካሳው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት አስቀድሞ ይገመታል። ካሳው ያልተከፈለበት መስመር ላይ የገባ ግሬደር ቆሞ ኪራይ ይቆጥራል።

ከዚያ ወደ ቆጠራው። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ቀን፣ ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ሳምንት፣ በበዓል ዋዜማና በገበያ ቀን ሳይሆን ቁጠሩ። ከጠዋቱ 12:30 እስከ 3:00፣ ማታ ከ10:30 እስከ 1:30። በየመስመሩ ሁለት ሰው ይቁም፤ አንዱ የሚወጣውን፣ ሌላው የሚገባውን በየ15 ደቂቃው ይጻፍ። ተሽከርካሪ ብቻ እንዳትቆጥሩ። በአዲስ አበባ ከዕለት ጉዞው ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው፤ መኪና ብቻ የተቆጠረበት መንገድ ላይ የገበሬው መንደር ዜሮ ሆኖ ይወጣል። ተማሪ፣ ሽማግሌ፣ ሸክም ያለበት ሰው፣ ሕፃን ያዘለች እናት፣ እያንዳንዱ የራሱ ዓምድ ይኑረው።

ከቆጠራው የሚወጣው ዋና ቁጥር የሚተርፍ ሰዓት ነው። ለምሳሌ ድልድዩን 600 ልጆች ቢጠቀሙበት፣ 2 ኪሎ ሜትር በእግር ግማሽ ሰዓት ስለሚፈጅ፣ በደርሶ መልስ በቀን 600 ሰዓት ይተርፋል። ገረጋንቲው ለ2,400 ሰው በአንድ ጉዞ 10 ደቂቃ ቢያተርፍ በቀን 800 ሰዓት ነው። ገረጋንቲው የበለጠ ይመስላል። ግን ትምህርት በዓመት 200 ቀን፣ ሥራ 300 ቀን ብለን ብንይዝ፣ ድልድዩ 120,000 ሰዓት፣ ገረጋንቲው 240,000 ሰዓት ይሰጣል። ሁለት እጥፍ ጥቅም በአራት እጥፍ ወጪ ማለት ነው። ለአንድ ብር ድልድዩ እጥፍ ያተርፋል። ጌጠኛ ድንጋዩ 900 ሰው ሁለት ሁለት ደቂቃ ቢያተርፍለት በቀን 60 ሰዓት ብቻ ነው። ቁጥሮቹንና ወንዙና ጭቃው መንገድ የሚዘጉባቸውን ቀናት በእናንተ ቆጠራ ተኩ፣ ስሌቱ ግን ይኸው ነው።

ነጥቡን ከ100 እንዲህ ክፈሉት፦ የተጠቃሚ ብዛትና የሚተርፈው ሰዓት 30፣ የሚቀንሰው አደጋ 25፣ ከሌላ መንገድ፣ ከጤና ጣቢያና ከትምህርት ቤት ጋር ማገናኘቱ 15፣ ክረምትን መቋቋሙ 15፣ ዝግጁነቱ 15። ክብደቱ የፕሮጀክቶቹ ስም ሳይነሳ በምክር ቤቱ ይጽደቅ። ስሙ ከተነሳ በኋላ የሚወጣ ክብደት ሁልጊዜ ለአንድ ሰፈር የተሰፋ ልብስ ነው።

ገረጋንቲ፦

በወንፊቱ እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ግን ይጨመርበት፦ ውሃው የት ይወርዳል? ይህን ያልመለሰ የመንገድ ጥያቄ ገና ጥያቄ አልሆነም። በዚያ አካባቢ መንገድ የሚሞተው ከመኪና ክብደት በላይ በውሃና በዋልካ ነው።

አፈሩ ዋልካ መሆኑን ለማወቅ ጥር ላይ ሂዱና እዩት። መሬቱ እጅ እስከሚያስገባ ከተሰነጠቀ ዋልካ ነው። ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ በላዩ ያለውን ሁሉ አብሮ ያነሳል፣ ይጥላል። ላቦራቶሪ ሲገባ ናሙናው አራት ቀን ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲቢአሩ፣ ማለትም ክብደት የመሸከም አቅሙ በመቶኛ፣ ይለካ፤ ዋልካ ብዙ ጊዜ ከ3 በታች ይወጣል። እሱ ላይ በቀጥታ የተደፋ ገረጋንቲ በመጀመሪያው ክረምት ወደ ታች ይሰምጣል፣ ጭቃው ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ በተመረጠ አፈር ይተካ።

አሁን ብዛቱን እዩት። ለምሳሌ 250 ሜትር ርዝመት፣ 7 ሜትር ስፋት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ማለት 1,050 ሜትር ኩብ ቁፋሮ ነው። የሚተካው አፈር ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ 30 በመቶ ጨምሩበት፤ ወደ 1,365 ሜትር ኩብ ይሆናል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 86 ምልልስ ነው። የተቆፈረው ዋልካስ የት ይደፋል? የመድፊያ ቦታው በግምቱ ውስጥ ከሌለ ዋልካው በመንገዱ ዳር ይከመርና ውሃ መውረጃውን ይዘጋል። ይህ የተደበቀ ወጪ ቁጥር አንድ ነው።

ስለዚህ 1.2 ኪሎ ሜትሩን ሙሉ አትጠይቁ። የዚህ ዓይነት መንገድ ታክሲ የሚያስቆመው ከዳር እስከ ዳር ተበላሽቶ አይደለም። ሁለት ወይም ሦስት ክፉ ቦታ ነው የሚያስቆመው፦ ውሃ የሚሻገርበት ዝቅታና ጎማ የሚያሽከረክር ዳገት። ነሐሴ ላይ ከሾፌሮቹ ጋር በእግር ሂዱና ክፉ ቦታዎቹን በሜትር ለኩ። 250 ወይም 300 ሜትሩን በደንብ ሠርቶ፣ የውሃ መሻገሪያ ቱቦዎቹን አስገብቶ፣ ቀሪውን በግሬደር ማስተካከልና ጠርዙን ቀድዶ ውሃ ማውጣት፣ የሙሉውን ወጪ ትንሽ ክፍል ብቻ ወስዶ ክረምት ከበጋ ታክሲ ያስገባል። ከ6 በመቶ በላይ በሆነ ዳገት ላይ ግን ገረጋንቲ ቶሎ ይታጠባል፤ ጌጠኛ ድንጋይ የሚያስፈልገው እዚያ ነው።

ቱቦውን በዓይን አትምረጡ። ከላይ ወደዚያ ዝቅታ የሚወርደው የተፋሰስ ስፋት 8 ሄክታር ቢሆን፣ ግማሽ በግማሽ ጣሪያና ጥርጊያ ስለሆነ 70 በመቶው ይፈስሳል ብላችሁ፣ የዝናቡን ኃይል በሰዓት 90 ሚሊ ሜትር ያዙ። ሲባዛ በሰከንድ 1.4 ሜትር ኩብ ይመጣል። 60 ሳንቲ ሜትር የኮንክሪት ቱቦ በ1 በመቶ ቁልቁለት ሞልቶ የሚያሳልፈው 0.6 ያህል ብቻ ነው። 90 ሳንቲ ሜትሩ 1.8 ያሳልፋል። ብዙ ሰው «ሁለት 60 እናድርግ» ይላል፤ ሁለቱ ተደምረው 1.2 ነው፣ አሁንም አይበቃም። ደግሞም 60ው በላስቲክና በደለል ሲደፈን ሰው ገብቶ አያጸዳውም። ቱቦው ከላዩ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ሙሌት ይኑረው፤ መውጫው ላይ በሲሚንቶ የታሰረ ድንጋይ ይነጠፍ። መውጫው ክፍት አፈር ላይ ከተለቀቀ በሁለት ክረምት ቦረቦር ይሆንና የሰው ማሳ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ ክርክሩ ከመንገዱ ይበልጣል።

ሙሌቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ ንጣፍ፣ ውሃ እየጠጣ፣ በየንጣፉ ይጠቅጠቅ፤ በየንጣፉም ጥቅጥቅነቱ ይለካ፣ በላቦራቶሪ ከሚገኘው ከፍተኛ ጥቅጥቅነት ከ95 በመቶ በታች የሆነው ይመለስ። ሙሉውን አንዴ ደፍቶ ላዩን መዳመጥ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ውል ውስጥ ይህን አንድ መስመር አስገቡ።

የዳር ሰፈር ተመራጭ፦

በጣም አመሰግናለሁ። አፈሩ ዋልካ ነው፣ ጥርጥር የለውም። መንገዱ ላይ አሁን አንድ 60 ሳንቲ ሜትር ቱቦ አለ፤ በየክረምቱ ውሃው ከላዩ ያልፋል። ተርሚናሉ ላይ ግን ነዋሪው በጣም ነው የሚገፋን፣ ቦታም ተገኝቷል፣ ወደ 20 ሜትር በ40 ሜትር ነው። እሱን ምን እናድርገው?

ሰልፈኛ፦

ተርሚናል መንገድ አይደለም፣ ስምሪት ነው። ሰልፉ የሚረዝመው ማቆሚያ ጠፍቶ ሳይሆን ታክሲ ጠፍቶ ከሆነ፣ ኮንክሪቱ ሰልፉን ከአቧራ ያወጣዋል እንጂ አያሳጥረውም። መጀመሪያ ከትራንስፖርት ቢሮ የመስመር ታፔላ ስንት ተሽከርካሪ እንደተሰጠና ጠዋት በትክክል ስንቱ እንደሚመጣ ለዩ። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ችግሩ ወይ መንገዱ ነው ወይ ባዶ መመለሱ። ሾፌር ጎማና ባሌስትራ የሚጨርስበት መስመር ላይ ታፔላውን ይሰቅላል እንጂ አይገባም። ገረጋንቲ የጠቀሳቸው ክፉ ቦታዎች ከተሠሩ ያለ አንድ ድንጋይ ተርሚናል ሰልፉ ይቀንሳል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በጠዋቱ ከባድ ሰዓት 900 ሰው ቢወጣ፣ ሚኒባስ 12 ሰው ስለሚጭን 75 ምልልስ በሰዓት ያስፈልጋል። አንዱን ለመሙላት 3 ደቂቃ ቢፈጅ፣ አንድ መጫኛ በሰዓት 20 ያስወጣል። አራት መጫኛ ይበቃል ማለት ነው። አራት መጫኛ ደግሞ በመንገድ ዳር ሰፋ ባለ ቦታ፣ በሰልፍ አጥርና በጣሪያ ይሠራል፤ ተርሚናል አይባልም።

አውቶቡስ ከታሰበ 20 በ40 አይሆንም። 12 ሜትር አውቶቡስ ሳያፈገፍግ ለመዞር የውጭ ጎኑ 12.5 ሜትር ያህል ራዲየስ ይወስዳል፤ ከዳር ዳር 25 ሜትር ማለት ነው፣ ያውም እግረኛው የሚቆምበት ሳይቆጠር። 20 ሜትር ስፋት ላይ አንበሳም ሸገርም አውቶቡሶች ወደ ኋላ እያሉ ሰው መሀል ይዞራሉ። ይህን ቦታ ለአውቶቡስ ብላችሁ አታጽድቁት። ለሚኒባስ መጫኛ ግን በቂ ነው፣ ቦታውን በሰነድ አስከብሩት፤ ዳር ሰፈር ላይ ባዶ ቦታ ሁለት ዓመት አይቆይም።

የወንዝ ማዶ፦

ቆጣሪው ያቀረበው ነጥብ አሰጣጥ ላይ ሁለት ተቃውሞ አለኝ።

ዝግጁነት በወንፊቱ አንዴ ተቆጥሯል፣ እንደገና 15 ነጥብ መስጠት ድርብ ቆጠራ ነው። በተግባር ምን ይሆናል? ዲዛይን አስቀድሞ ያሠራው፣ ማለትም የተደራጀውና አቅም ያለው ሰፈር፣ በየዓመቱ 15 ነጥብ ይዞ ይጀምራል። ገበሬው መንደር ዲዛይን የሚያሠራለት ኮሚቴ የለውም። 15ቱን አንሱና ሌላ አማራጭ መንገድ የሌለው ሕዝብ ለሚጠቀምበት ስጡ። ጌጠኛ ድንጋዩ ባይነጠፍ ሰው በጭቃ ይሄዳል፣ ይቸገራል፣ ግን ይደርሳል። ወንዙ ሲሞላ ግን ልጅ ወይ 2 ኪሎ ሜትር ይዞራል፣ ወይ ልሻገር ይላል።

ሁለተኛ፣ አደጋ የሚለው ነጥብ በተመዘገበ አደጋ ብቻ ከተሰጠ ወንዙ ዜሮ ያገኛል፤ የትራፊክ መዝገብ ውስጥ አይገባምና። የጎርፉን አደጋ ከነዋሪው ጠይቃችሁ ለብቻው መዝግቡ።

ስለ ድልድዩ ራሱም ልበል፣ ርካሽ ነው ተብሎ በእንዝላልነት ስለሚሠራ። የጎርፉን ከፍተኛ ምልክት ከሽማግሌዎች ጠይቁ፤ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ጉድፍ፣ ድንጋይ ላይ ያለ መስመር ያሳዩአችኋል። የድልድዩ ታችኛ ገጽ ከዚያ ምልክት ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ይበል። ወንዙ መሀል ምሰሶ አታቁሙ፤ ግንድና ላስቲክ ይዞ ውሃውን ይገድባል፣ ከዚያ ድልድዩም ዳርቻውም ይሄዳል። ሁለቱም መቀመጫዎች ድንጋይ አለት ላይ ይረፉ፤ አለት ካልተገኘ ውሃው ከሚቦረቡርበት ጥልቀት በታች ይውረዱ፣ ከላይና ከታች በጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ቅርጫት፣ ይታቀፉ። ስፋቱ 2 ሜትር ይሁን፣ የእጅ ጋሪና ቃሬዛ እንዲያልፍ። ባጃጅ እንዳይገባ መግቢያው ላይ አጭር ምሰሶ ይተከል። የእጅ መደገፊያው 1.10 ሜትር፣ ቋሚ ዘንጎቹ ሕፃን የማያሾልኩ ይሁኑ። የብዙ ድልድይ ጉድለት ደግሞ ድልድዩ ላይ ሳይሆን መዳረሻው ላይ ነው። ድልድዩ አልቆ ሁለት በኩል 30 ሜትር ጭቃ ይቀራል። መዳረሻው በዚያው ውል ውስጥ ይግባ።

ቆጣሪው፦

የዝግጁነቱ ተቃውሞ ትክክል ነው፣ እቀበላለሁ። 15ቱ አማራጭ ለሌለው ይሂድ። ሲጨርሱ ደግሞ አንድ ፈተና አድርጉ፦ እያንዳንዱን ክብደት አምስት ነጥብ ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ ደግማችሁ ደምሩ። በዚያ ሁሉ የማይነቃነቀው የመጀመሪያ ደረጃ እውነተኛ ነው። በአምስት ነጥብ የሚገለባበጡትን ሁለት ፕሮጀክቶች እኩል ናቸው ብላችሁ ምክር ቤቱ በግልጽ ድምፅ ይወስን፤ ቁጥሩ ወሰነልን አትበሉ።

ሒሳብ ክፍል፦

የማንኛችሁም ግምት መቼ ተሠራ? ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት፣ ማለትም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት የተሠራ ከሆነ ጣሉት፣ በመቶኛ ለማሳደግም አትሞክሩ። ሁሉም ዋጋ እኩል አልተነሳም። ብረት፣ ነዳጅና ሬንጅ ከውጭ ስለሚመጡ የድልድዩን ብረትና የአስፋልት ሥራን ይበልጥ ይነካሉ፤ የድንጋይና የገረጋንቲ ዋጋ በዋናነት በማጓጓዣው ነው የሚነሳው። «አራት እጥፍ» የሚለው ንጽጽራችሁ ራሱ ሊቀየር ስለሚችል፣ የቆጣሪው ስሌት በአዲሱ ዋጋ ይደገም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚባለው ለዚህ ነው። በግምቱ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ መጠባበቂያ መኖሩንም አረጋግጡ።

የቀን መቁጠሪያው ከነጥቡ እኩል ይወስናል። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሐምሌና ነሐሴ ግን መሬት አይቆፈርም። እነዚያን ሁለት ወራት ለጨረታ ሰነድና ለካሳ ተጠቀሙባቸው፣ ጥቅምት ላይ ሥራ ተቋራጩ ሳይት ይግባ። ቱቦና ድልድይ መጀመሪያ፣ እስከ ጥር፤ ሙሌትና ገረጋንቲ እስከ የካቲት፣ የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ። ግንቦት ላይ የተከፈተ የዋልካ ቁፋሮ ሰኔ ላይ ኩሬ ነው። የመጨረሻ ርክክቡም ቢያንስ አንድ ክረምት ካለፈበት በኋላ ይሁን፣ የዋስትና ገንዘቡም እስከዚያ ይያዝ።

መብራቱን በተመለከተ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ፍጆታውንና ጥገናውን ማን ይከፍላል? የፀሐይ መብራት ፍጆታ የለውም ይባላል፣ ባትሪው ግን በጥቂት ዓመት ይቀየራል። መልሱ ስም ያለው መሥሪያ ቤት ካልሆነ አታጽድቁ። ወይም ለሙሉ ሰፈሩ ሳይሆን ለድልድዩ ሁለት ጫፍና ለታክሲ ሰልፉ ብቻ ጠይቁ።

የዳር ሰፈር ተመራጭ፦

እንግዲህ የምናቀርበው ድልድዩን ከነመዳረሻው፣ የገረጋንቲውን ክፉ ቦታዎች ከነቱቦው፣ እና ለተርሚናሉ ቦታ ማስከበር ብቻ ነው። ቆጠራውን በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ እንጀምራለን። ለጌጠኛ ድንጋዩ ጠያቂዎች ምን እንበላቸው? ቀርቷል ማለት ይከብዳል።

ገረጋንቲ፦

ቀርቷል አትበሉ፣ ዝግጅቱ ይጀመር። 350 ሜትር በ6 ሜትር 2,100 ካሬ ነው። ከሥሩ 20 ሳንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ሙሌት 420 ሜትር ኩብ፣ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ 105 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። ይህን አስልታችሁ ስጧቸው፣ የነዋሪው መዋጮ ምን ያህሉን እንደሚሸፍን ራሳቸው ያያሉ። በዚህ ዓመት የሚሠራው ደግሞ ከድንጋዩ በፊት መሆን ያለበት ነው፦ የውሃና የቴሌ መስመር ያልገባላቸው ብሎኮች ተለይተው መስመሩ ይግባ፣ በየ50 ሜትሩ መንገዱን የሚያቋርጥ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ በኋላ መስመር እንዲያልፍበት ባዶውን 80 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ይቀበር፣ ጫፎቹም ተደፍነው ቦታቸው በቀለም ምልክት ይደረግ። የተነጠፈ ድንጋይ ለአንድ የውሃ መስመር ከተነቀለ እንደ ቀድሞው ተጠቅጥቆ አይመለስም፤ ያ መስመር ክረምት ሲመጣ ይሰምጣል፣ ከጎኑ ያሉትም አንድ በአንድ ይለቃሉ። ጠርዙን የሚይዘው የዳር ድንጋይ፣ ከርቡም በኮንክሪት ይታሰር፤ ዳሩ ከተከፈተ መሀሉ አይቆይም።